ያልወደቀው ጣሪያ

ሙያሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ትንሽ እደናገራለሁ። «ፕላን እሠራለሁ» ስል «ኢንጂነር ነሻ!» ይሉኛል። አይደለሁም። «እሺ፣ አርክቴክት?» እሱንም አይደለሁም። ዲፕሎማዬ ላይ የተጻፈው «አርክቴክቸራል ቴክኖሎጂ» ነው፤ ወላይታ ሶዶ ላይ ግን በዚህ ስም የሚያውቀኝ የለም። «ድራፍተሯ» ነው የምባለው። አርክቴክቱ ያሰበውን፣ መሐንዲሱ ያሰላውን፣ እኔ ግንበኛውና አናጢው አይተው ሊሠሩት በሚችሉት መስመር አወርደዋለሁ። ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ ከሆነም ገብቼ እለካዋለሁ፤ ከነጥመቱ ከነጉብጠቱ ወረቀት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ይቆማል ወይስ ይወድቃል ብሎ መፍረድ ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ማኅተም የለኝም።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሻንቶ ከተማ አጠገብ የገጠመኝን ስትሰሙ ለምን እንደዚያ እንደተንቀጠቀጥኩ እንዲገባችሁ ነው።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሶዶ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የዲዛይን ቢሮ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ኢንጂነር ዳዊት ይባላል፤ ቁጡ ግን ቅን ሰው ነው። እሱ ዘንድ ስንት ቤት፣ ስንት ክሊኒክ፣ ስንት መጋዘን እንደሣልኩ አላስታውስም። በየወረቀቱ ላይ የሚቀመጠው የእሱ ስምና ፊርማ ነው። አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነዋ!

በኋላ ቢሮው ሥራ ሲቀንስበት «ራሄል፣ የራስሽን ጀምሪ፤ የማገኘውን እልክልሻለሁ» አለኝ። መናኸሪያው አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ተከራየሁና ኮምፒውተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። አባቴ ገበያው ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። አያቶቹ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ ናቸው፤ እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው። ወላይትኛ እሰማለሁ፣ ስናገረው ግን ሰው ይስቅብኛል። አባቴ ራት ላይ «ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀው ሥራ ይዛ ከምትንከራተት እዚሁ ሱቅ ብትረዳኝ ምን አለበት?» ይላል። ለእናቴ የሚናገር መስሎ እኔን ነው። መልስ የሚሆነኝ የመጀመሪያው ሥራ ነበር።

እሱም መጣ። ጋሽ ላሎ የሚባሉ ሰው ኢንጂነር ዳዊት ጠቁሟቸው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ገበሬ ናቸው፤ ከሻንቶ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። አማርኛቸው ሲረጋጉ ጥሩ ነው፤ ሲቸኩሉ ግን ሴቱን ወንድ ያደርጉታል። ምእመኑ በዝቶባቸው የድሮውን አዳራሽ ማስፋት ፈልገዋል። ማስፋፊያውን የሚያሰላው ኢንጂነር ዳዊት ነው። ከዚያ በፊት ግን ያለው አዳራሽ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ተለክቶ መሣል አለበት፤ ይህ ደግሞ የእኔ ድርሻ ነው። በራሴ ስም የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው።

ወሩ መጋቢት ነበር። በልጉ ገብቷል፤ እኔም የሁዳዴን ጾም ይዣለሁ።

አርብ ዕለት ሄጄ መለካት ጀመርኩ። አዳራሹ የቆየ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው በባህር ዛፍ እንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ። ውስጡ ግን ያምራል። ኮርኒሱ ነጭ ጅብሰም ነው፤ መሐሉ እንደተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ ገባ ብሎ ዙሪያውን መብራት ተደርጎለታል።

«አቶ ዳና ነው ያሠራልን» አሉኝ ጋሽ ላሎ፣ ቀና ብለው በኩራት እያዩት። «ነገ የልጁ ሠርግ ነው። እዚህ ሥር ቆማ እንድትዳርለት ብሎ ነው።»

አቶ ዳና ሻንቶ ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። የዲኮር ሠራተኞቹም መጥተው ከዚያው ጎድጓዳ መሐል ነጭ ጨርቅ፣ አበባና ረጃጅም የመብራት ገመድ እያንጠለጠሉ ነበር። እኔ በመሐላቸው እየተሽሎከለክሁ ሥራዬን ቀጠልኩ። የሜትሩን ጫፍ የሚይዙልኝ ጋሽ ላሎ ናቸው።

የአዳራሹን ስፋት በመድረኩ በኩል ለካሁ፤ በበሩ በኩል ለካሁ፤ እኩል ነው። መሐሉ ላይ ስለካ ግን አራት ጣት ያህል ሰፋብኝ። ሜትሩ የላላ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ጋሽ ላሎን ቦታ ቀየርኳቸውና ሞከርኩ። ያው። ከቦርሳዬ ቱንቢ አውጥቼ በግድግዳው ላይ ጣልኩ፤ ግድግዳው ከላይ ወደ ውጭ ጋደል ብሏል። ወደ ማዶው ግድግዳ ሄድኩ፤ እሱም ወደ ውጭ።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ላሎ።

«ምንም። ኮርኒሱ ውስጥ ገብቼ ማየት አለብኝ።»

«መሰላሉን እነዚህ ይዘውታል። ነገ በጠዋት ሠርጉ ሳይጀመር ና፤ እኔ እይዝልሃለሁ።»

ወደ ሶዶ በሚኒባስ ስመለስ ለራሴ የማልሰጠው ምክንያት አልነበረም። የድሮ ግንበኛ ነው፤ ሲሠራ ጀምሮ ጠማማ ይሆናል። ስንት ጠማማ ቤት ለክቼ የለም እንዴ! ግን አንድ ጠማማ ግድግዳ ሌላ ነው፤ ሁለት ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው፣ ሁለቱም መሐላቸው ላይ ብቻ፣ ሁለቱም ወደ ውጭ ሲጎብጡ ሌላ ነው። አንድ ነገር ከውስጥ እየገፋቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው አዳመጥኩ።

ጠዋት ስደርስ የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ መሬቱ ረጥቧል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞቅ ብሎ ነበር። ሴቶች ከአዳራሹ ጀርባ ድስት ጥደዋል፣ ወጣቶች ወንበር ይደረድራሉ፣ አንዱ ማይክራፎን ይሞክራል። ጋሽ ላሎ ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ መሰላል ተሸክመው መጡ። ከመድረኩ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል ጣሪያ ላይ ሰው የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። እሳቸው መሰላሉን ያዙልኝ፣ እኔ የስልኬን መብራት አብርቼ ገባሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልግለጽላችሁ። የጣሪያ እንጨት አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሁለት ወራጆች ከላይ ጫፍ ለጫፍ ይደጋገፋሉ፤ ከታች አንድ አግዳሚ እንጨት እግራቸውን አስሮ ይይዛቸዋል። ሰው በሚያንሸራትት ወለል ላይ እግሩን ከፍቶ ቢቆም እግሮቹ እየራቁ ይሄዳሉ አይደል? ቁርጭምጭሚቱን በገመድ ብታያይዙለት ግን ይቆማል። አግዳሚው ያ ገመድ ነው። እንዲህ ያለው ወራጅና አግዳሚ አንድ ላይ ሲሆን እኛ ትራስ እንለዋለን።

በደረቴ እየተሳብኩ በእንጨቶቹ ላይ ወደ መሐል ሄድኩ። የመጀመሪያው ትራስ ደህና ነው። ሁለተኛውም። ከዚያ የጅብሰሙ ጎድጓዳ የሚጀምርበት ደረስኩና መብራቱን አዞርኩ።

አግዳሚ የለም።

ጅብሰሙ ወደ ላይ ገብቶ እንዲያምር ከመሐል ያሉትን አግዳሚዎች በመጋዝ ቆርጠው አንስተዋቸዋል። ከግራና ከቀኝ የቀሩት ጉማጆች ብቻ ናቸው። የጅብሰሙ ክብደት ሁሉ በሽቦ የተንጠለጠለው በእነዚያው ገመድ በሌላቸው ወራጆች ላይ ነው። አሁን ደግሞ የዲኮሩ ጨርቅና መብራት ተጨምሮበታል። ወደ አንዱ ወራጅ እግር ተጠጋሁ። እንጨቱን ከግድግዳው አናት ጋር የያዙት ሚስማሮች እየተነቀሉ ወጥተዋል። የወጣው ክፍል ዝጎ ቢሆን «ድሮ የሆነ ነው» ብዬ እረጋጋ ነበር። አልዛገም። ያብረቀርቃል። ሰሞኑን ነው የወጣው።

ከታች መዘምራኑ ልምምድ ጀመሩ። ከበሮው ሲመታ ከደረቴ ሥር ያለው እንጨት ሲርገበገብ ተሰማኝ፤ የጅብሰም ብናኝም በመብራቴ ፊት ቡን አለ። እዚያ ውስጥ የእኔም ክብደት እንዳለበት ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። መሰላሉ ላይ እግሬ ቦታውን ሲያጣ ጋሽ ላሎ ቁርጭምጭሚቴን ይዘው ደረጃው ላይ አስቀመጡልኝ።

«ጋሽ ላሎ፣ ትራሱ ተቆርጧል።»

«ትራስ? የምን ትራስ?» ፊቴን አዩት። «እዚያ ሰው ይተኛል እንዴ?»

በሌላ ቀን ብንሆን እስቅ ነበር። «ጣሪያውን የሚይዘው እንጨት ነው። አንዴ ስልክ ልደውል።»

ወደ ውጭ ወጥቼ ወደ ኢንጂነር ዳዊት ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ከግቢው ወጥቼ እንሰቱ ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ ሞከርኩ። እንግዶች በባጃጅ መውረድ ጀምረዋል፤ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከረባት ያሰሩ አባቶች «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ በወላይትኛ ሰላም እየተባባሉ በአጠገቤ ያልፋሉ። በመጨረሻ አነሳ። አርባ ምንጭ ሳይት ላይ ነው።

ያየሁትን ነገርኩት።

«ፎቶ ላኪልኝ።»

«አልሄድ አለኝ፤ ኔትወርኩ አይችልም።»

«ሚስማሩ ያብረቀርቃል ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። ኢንጂነር፣ አንተ ደውልላቸው። እኔ ብላቸው አይሰሙኝም። አንተ 'አትግቡ' ካልካቸው...»

«ራሄል» አለኝ፤ ድምፁ ያልለመድኩት ለስላሳ ነበር። «ቁጥሩን ስጪኝ፣ እደውላለሁ። ግን እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አየሁ ብዬ ነው የምነግራቸው? ያየሽው አንቺ ነሽ። እኔ እዚያ ብሆን ከሥሩ አልቀመጥም፤ ይህን ንገሪያቸው። ይወድቃል ብለሽ ግን አትማዪ፤ እኔም አልምልም። ያየሽውን በይ።»

መስመሩ ተቆረጠ።

እዚያው እንሰቱ ዳር ቆምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? ዝም ብዬ ወደ ሶዶ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ብወጣ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። የታዘዝኩት ልኬት ነው። ሰኞ ሥዕሉ ላይ «አግዳሚው ተቆርጧል» ብዬ ጽፌ ባስረክብ ሥራዬን በትክክል ሠርቻለሁ። በአንጻሩ ተናግሬ ባይወድቅስ? በመጀመሪያ ሥራዬ የሰው ሠርግ ያበላሸሁ እሆናለሁ። ደግሞም አንገቴ ላይ ማተብ አለ። አንዲት ኦርቶዶክስ ልጅ መጥታ የጴንጤ ሠርግ ከአዳራሽ አስወጣች ሲባል ሰው ምን ብሎ ይተረጉመዋል? ከአዳራሹ ውስጥ የከበሮው ድምፅ እንደገና መጣ። እግሬ ወደ ጋሽ ላሎ ይዞኝ ሄደ።

ጥግ ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ። ጅብሰሙ ሲሠራ ሠራተኞቹን ይቆጣጠሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«ይወድቃል ትላለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሽ ላሎ።»

«ዛሬ ነው? ነገ ነው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ታውቃለህ አንተ?» አሉ፤ ጮኽ ብለው ነው፣ ወዲያው ግን ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«እናቴን ከሥሩ እንደማላስቀምጣት አውቃለሁ።»

የሱፍ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝና መሰላሉን ወጡ። አልለመኑኝም፣ አልከለከልኳቸውም። እስከ ወገባቸው ገብተው በስልኬ መብራት ሲያዩ ከታች ሆኜ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ሲወርዱ ፀጉራቸው ላይ ነጭ ብናኝ ነበር።

«እኔ አናጢ አይደለሁም» አሉ። «ግን እንጨት የነበረበት ቦታ እንጨት የለም። ይህን አይቻለሁ።»

መዘምራኑን ራሳቸው አስወጧቸው፤ «ውጭ እንዘምራለን፤ ኑ!» ብለው በወላይትኛ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሰው እንዳይደናገጥና በሩ ላይ እንዳይተራመስ ምክንያቱን አልተናገሩም። ከግቢው ዳር ወዳለው ትልቅ ዋርካ ሥር ወንበር ማስጎተት ጀመሩ። ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሲወጣ በሩን ዘጉ።

አቶ ዳና የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ከመኪና ወርደው ወንበር ሲጎተት ሲያዩ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ጋሽ ላሎ ወደ ጎን ወስደው በወላይትኛ ነገሯቸው። ሁሉንም አልሰማሁም፤ «ጅብሰም» የምትለዋ ቃል ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ጆሮዬ ገባች። ከዚያ አቶ ዳና ወደ እኔ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው እንደ ከተማ ነጋዴ ጥርት ያለ ነው።

«ማነሽ አንቺ?»

«ራሄል እባላለሁ። አዳራሹን የምለካው...»

«ኢንጂነር ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ በምን ሥልጣንሽ ነው?» ዓይናቸው አንገቴ ላይ ወረደ፤ ማተቤን አዩት። «ጅብሰሙ ከተሠራ ወዲህ ሁለት ክረምት ያሳለፈ ጣሪያ ነው። ስንት እሑድ ተሰብስበንበታል። ዛሬ፣ በልጄ ቀን፣ ይወድቃል ብለሽ ነው?»

«ይወድቃል አላልኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያልሽው?»

ምንም ሳልቀምስ ነው የወጣሁት፣ ጉልበቴ ይርዳል። «የሚይዘው እንጨት ተቆርጧል። ሚስማሮቹ ሰሞኑን ተንቀሳቅሰዋል። መሐንዲሱ ሰኞ መጥቶ እስኪያየው ሰው አይግባበት ነው የምለው። ከተሳሳትኩ እርስዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልክ ከሆንኩና ሰው ከገባ ግን ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አይኖርም።»

አቶ ዳና ወደ ጋሽ ላሎ ዞሩ። ጋሽ ላሎ የአዳራሹን ቁልፍ ከበሩ ላይ ነቅለው ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ዳና፣ ተቆጣኝ። መብትህ ነው። ግን አልከፍትም።»

ሠርጉ በዋርካው ሥር ተጀመረ። ሙሽሪት መጥታ ወደ ሜዳ ስትመራ ፊቷ ላይ ግራ መጋባት አየሁ፤ ነጩ ቀሚሷ እርጥቡ ሣር ላይ ይጎተታል። እኔ በአዳራሹ በር ፊት ቆሜያለሁ። ማንም ቁሚ አላለኝም። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ጆሮዬን ወደ ውስጥ አደረግሁ። አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፤ ነፋስ ይሁን፣ ወፍ ይሁን፣ እንጨት ይሁን አላውቅም። ልንገራችሁ፣ ሁለት ነገር በአንድ ላይ እፈራ ነበር፤ እንዳይወድቅም፣ እንዳይቆምም። አንዱ ፍርሃት ሌላውን ያሳፍረዋል።

ሙሽሮቹ ቃል ኪዳን ሊገቡ ተነስተው ሲቆሙ ዝናቡ መጣ።

የበልግ ዝናብ አያስጠነቅቅም። ከዳሞታ በኩል ጠቁሮ የመጣው ደመና አንድ ጊዜ ተለቀቀ። ዋርካው ለትንሽ ጊዜ ያዘው፤ ከዚያ ግን በቅጠሉ መሐል እየፈሰሰ ይወርድ ጀመር። ከዳር የነበረው ሰው ተነሣ። ሕፃን የታቀፉ እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም የሮጠው ወደ እኔ ነው። ወደ አዳራሹ።

እጄን ዘረጋሁ። «አይከፈትም! እባካችሁ፣ አይከፈትም!» በአማርኛ ጮህኩ፣ በተሰባበረ ወላይትኛዬም ጮህኩ። አንዲት ትልቅ እናት ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ ምን በደልንሽ?» አሉኝ። ልቤ ተሰነጠቀ። ከኋላ ያሉት ይገፋሉ፤ በሩ ከጀርባዬ ተንገጫገጨ። አንዱ ጎልማሳ «ዞር በይ፣ እንሰብረዋለን!» ሲል ጋሽ ላሎ ተጋፍተው መጡና አጠገቤ ቆሙ። እስከዚያች ደቂቃ የደበቁትን ያን ጊዜ ተናገሩት፦ ጣሪያው ተጎድቷል፣ የሚገባ በሬሳዬ ላይ ተረማምዶ ነው።

የተሰበሰበው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ደልደል ብሎ ቆሟል። ዝናቡ በላዩ ላይ ይጨፍራል። ምንም አልሆነም።

ያን ሰዓት መቼም አልረሳውም። ሦስት መቶ ዓይን ጣሪያ ያያል፣ ከዚያ ወርዶ እኔን ያያል። እነሱ ይበሰብሳሉ፣ ጣሪያው ይቆማል። በልቤ ምን እንዳልኩ ልናገር? «ቢያንስ አንዲት ቆርቆሮ እንኳ ብትንኳኳ ምን አለበት» አልኩ። ወዲያው አማተብኩ።

ሰዉ በማብሰያው ዳስና በየዛፉ ሥር ተበተነ። ሙሽሪት ጥርት ባለ ድምፅ ቃሏን የገባችው በሁለት ጃንጥላ ሥር ነው፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሷል። አቶ ዳና ጃንጥላ እምቢ ብለው ዝናቡ ውስጥ ቆመው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዞረው አዩኝ።

ሰኞ ኢንጂነር ዳዊት መጣ። ቅዳሜም እሑድም ጣሪያው አልወደቀም። እሑድ ምእመኑ አምልኮውን ሜዳ ላይ አደረገ፤ አንዳንዶች አዳራሹን እያዩ ይሳሳቁ እንደነበር ጋሽ ላሎ ነግረውኛል። ኢንጂነር ዳዊት መሰላሉን ወጥቶ ብዙ ቆየ። እኔ፣ ጋሽ ላሎና አቶ ዳና ከታች ቆመን እንጠብቃለን። ሲወርድ እጁን አራገፈና ዛሬውኑ ከሥር በቋሚ እንጨት እንዲደገፍ፣ ጅብሰሙም በጥንቃቄ እንዲወርድ አዘዘ።

«ቅዳሜ ይወድቅ ነበር ወይ?» አሉ አቶ ዳና።

ኢንጂነሩ ወደ ላይ አየ። «በስሌት ከሆነ ድሮ መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም። ምን እንደያዘው አላውቅም፤ የኮርኒሱ ሽቦ ይሁን፣ የቆርቆሮው ሚስማር ይሁን። ምን እንደያዘው የማላውቀው ነገር መቼ እንደሚለቅም አላውቅም። ዓመት ሊቆም ይችል ነበር። መዝሙሩ ሳያልቅ ሊወርድም ይችል ነበር።»

መልሱ ይኸው ነው። እናንተም እንደ እኔ «ወደቀ» እንድላችሁ እየጠበቃችሁ ይሆናል። አልወደቀም። ደግፈው፣ ጅብሰሙን አውርደው፣ አዲስ አግዳሚ አስገቡለት፤ ዛሬም ቆሟል።

እኔን ግን ወሬው ቀደመኝ። «ሠርግ በዝናብ ያስመታችው ልጅ» ተባልኩ። ለወራት ጠረጴዛዬ ላይ ሥራ ያመጣ ሰው የለም። አባቴም ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ሰምቶ ኖሮ አንድ ማታ ጠየቀኝ፤ እንደዚህ እንደነገርኳችሁ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «እኔ ብሆን ሚኒባሱ ላይ እወጣ ነበር» አለኝ። ስለ ሱቁ ከዚያ በኋላ አንሥቶብኝ አያውቅም። ሥራው ቀስ ብሎ መጣ። መጀመሪያ አንዲት መምህርት የቤቷን ግድግዳ መሰንጠቅ እዪልኝ ብላ መጣች፤ ቀጥሎ የእሷ ጎረቤት። ኢንጂነር ዳዊትም የቆየ ቤት ሲያጋጥመው «መጀመሪያ ራሄል ትየው» ማለት ጀመረ። አሁን የቅዳሜና እሑድ ትምህርት እየተከታተልኩ ነው፤ የማየውን ማስላትም ልችል።

ብዙ ወጣቶች ወደ ሙያው ሲገቡ ይጠይቁኛል፦ «ያለ ማኅተም ምን ማለት እንችላለን?» ይሉኛል። የምመልሰው ያው ነው። የማታውቁትን አውቃለሁ አትበሉ፤ ያያችሁትን ግን አላየሁም አትበሉ። በእነዚህ በሁለቱ መሐል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት። የሚያመሰግን ሰው ይመጣል ብላችሁ ደግሞ አትጠብቁ። ጥንቃቄ ሲሠራ የሚታይ ነገር የለም፤ ምንም አልሆነም ይባላል፣ በቃ። ብዙ ሌሊት ተሳስቼ ይሆን እያልኩ ተገላብጫለሁ። አሁን ጥያቄውን ትቼዋለሁ ብላችሁ እዋሻለሁ።

ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን ሻንቶ ላይ አቶ ዳናን አገኘኋቸው። ከእህል ጆንያዎቻቸው መሐል ቆመው ነበር። ላልፍ ስል ጠሩኝ።

«ልጄ ወለደች» አሉኝ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩ፤ አፌ ስለለመደ። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን «አሜን» አሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ይመስል፣ «አንቺ፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ ይወድቅ ነበር ብዬ አላምንም» አሉኝ።

«እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ አቶ ዳና።»

አዩኝ። ቀስ ብሎ ፊታቸው ተፈታ፤ ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየኋቸው። ከጆንያው ላይ ብናኙን በእጃቸው ጠረጉልኝና «ቁጭ በይ» አሉኝ። «ሻይ ይምጣልሽ።»

ተቀመጥኩ።